የእንቁራሪት ልጆች በሳፋ ውስጥ

በክረምት ኩሬው ሲሞላ ተማሪዎች ጅራታሞቹን የእንቁራሪት ልጆች ቀድተው ወደ ክፍል ቢያመጡ ትልቅ ትምህርት ነው፤ በሕይወት የሚያቆያቸው ግን ንጹሕ ውሃ ነው። በሌላው ዓለም ሰዎች በመስታወት ገንዳ የሚያረቡት ኒውት የተባለው ጅራታም ዘመዳቸው ከሰሐራ በታች በተፈጥሮ አይገኝም፤ የአያያዙ ሕግ ግን ለእኛዎቹም ይሠራል። ቆዳቸው በውሃው ውስጥ ያለውን ብዙ ነገር ስለሚመጥ ሳሙና የነካው እጅም ሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ሰፊ ሳፋ፣ የዚያው ኩሬ ውሃና ጥላ ይዘጋጅላቸው። ምግባቸው ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌና በቁንጥር የሚጨመር፣ ያለ ጨው የተቀቀለ ጎመን ነው፤ ትርፉ ካልወጣ ውሃው ይሸታል። እግር ሲያወጡ ደግሞ ጫፉ ከውሃ በላይ የሆነ ድንጋይ ካላገኙ ሊሰምጡ ይችላሉ።

«ለምን በኩሬያቸው አይተዉም?» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ጥቂት ብቻ መውሰድ ነው። ከሚፈለፈሉት አብዛኞቹ በተፈጥሮም ለአቅመ እንቁራሪት አይደርሱም፤ የኋላ እግሮች ሲወጡ በዓይኑ ያየ ልጅ ግን እንቁራሪትን በድንጋይ አይመታም። ሲመለሱ ወደ ተወሰዱበት ኩሬ ብቻ ይሁን፤ አለበለዚያ በሽታ ከኩሬ ወደ ኩሬ ሊዛመት ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ ውስጥ የኒውት ወገን የሆኑትን ሳላማንደሮች የፈጀ አዲስ ፈንገስ ተለይቷል፤ ከእስያ በቤት እንስሳት ንግድ እንደገባ ይታመናል። የዚሁ ፈንገስ ዘመድ በኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። አንዱን ኩሬ ከሌላው አለመቀላቀል ሁሉንም ማዳን ነው።