የምን ካራ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ ስለ ቃላት ላወራ ነው የመጣሁት፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስለሌሉ፣ በየቤታችን ለጨዋታ ስለምንፈጥራቸው ቃላት። ከአያቴ ልጀምር። አያቴ አፉላ በገቡ ሰሞን ደረጃው ላይ ዘንቢላቸው ተገልብጦ ሽንኩርቱ ሁሉ ወደ ታች ተንከባለለ። አንድ የጎረቤት ልጅ ሮጦ መጣና «ማ ካራ?» አላቸው። ምን ሆነ ማለቱ ነው። አያቴ ግን ከሁለቱ ቃል የሰሙት አንዱን ብቻ ነው። «የምን ካራ? እኔ ካራ አልያዝኩም!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በኛ ቤት ካራ ማለት ጉድ ማለት ሆኖ ቀረ። ስልክ ስንደዋወል «ዛሬ ምን ካራ አለ?» ነው የምንባባለው። ወሬው ከባድ ከሆነ ደግሞ «ካራው የተሳለ ነው» እንላለን። ታሪኩን ደጋግመው የሚያወሩትም፣ ከሁላችን በላይ የሚስቁትም እሳቸው ናቸው።

አንዴ ከጀመሩ ወዲያ አያቴን የሚያቆማቸው አልተገኘም። «በሴዴር» የሚለውን ቃል ሁላችሁም በቀን መቶ ጊዜ ትሉታላችሁ። መጀመሪያዋ ላይ ያለችው «በ» ልክ እንደኛው «በ» ነች፤ «ሴዴር» ደግሞ ሥርዓት ነው። ይኼን ለአያቴ ማንም አላስተማራቸውም፤ እሳቸው ግን ቃሉን ለሁለት ቆርጠው በአማርኛ ሰፉት። አልጋውን የሚያነጥፍ ልጅ «ሴዴራም» ነው። ካልሲውን ሶፋ ሥር የሚወረውረው ወንድሜ «ሴዴረ ቢስ» ነው። ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ ደግሞ «ቶረኛው ማነው?» ይላሉ። የዕብራይስጡ «ቶር» ከኛ «ተራ» ጋር ዘመድ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ «ተረኛ»ን «ቶረኛ» አድርገውታል። «ሹክ ልሂድ» ካሉ ግን ተጠንቀቁ፤ ቲማቲም ሊገዙ ይሁን ጎረቤት ጆሮ ሥር ሹክ ሊሉ የሚታወቀው ሲመለሱ ነው።

በይቅርታ አንድ ነገር ልበል። ትልልቆቻችን እኛን ወጣቶቹን «ቋንቋውን አበላሻችሁት» ይሉናል። እሺ፣ እኛ አበላሽተናል እንበል። ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ በጥሩ አማርኛ ስታወሩ መሃል ላይ «መሽካንታ» የምትለዋን ማን ጨመራት? «የቤት ብድር» ይባል ቢባል እኮ ከጎረቤት ለምኖ የመጣ ገንዘብ ነው የሚመስለው። ባንኩ ለሃያ አምስት ዓመት ሲይዛችሁ «መሽካንታ» ነው፤ ሌላ ስም አይበቃውም። እውነት ለመናገር እኛ ይኼን ሙያ የተማርነው ከናንተ ነው።

ደግሞ የምንኖርበት አገር ቋንቋ ራሱ እንዴት እንደቆመ እናስታውስ። ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ ልጃቸውን በዕብራይስጥ ብቻ ለማሳደግ ሲነሱ ለአሻንጉሊትና ለአይስ ክሬም እንኳን የሚሆን ቃል አልነበረም። «ቡባ» እና «ግሊዳ» የመጡት ከዚያ ነው። መዝገበ ቃላት የሚባለውን ነገር «ሚሎን» ብለው የሰየሙትም እሳቸው ናቸው። ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። ለቲማቲም «ባዱራ» የሚል ቃል አቅርበው ነበር፤ ሕዝቡ እምቢ አለና «አግቫንያ» አሸነፈች። ትልቅ ሊቅ ስለሆንክ ብቻ ቃልህ አይበላልህም ማለት ነው። አገር ቤትም ያው ነው። በአብዮቱ ዘመን ወዝን ከአደር ጋር አጋብተው «ወዛደር» አሉ፤ ቃሉ ያዘ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልውሰዳችሁ፤ የኔ ጥፋት ያለው እዚያ ነውና።

አራዳ ፒያሳ አካባቢ ያለ ሰፈር ነው። ጣልያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ የከተማው ትልቁ ገበያ እዚያ ነበር። ከገበያው ጋር ብልጥ ሰውም ይኖራል፤ ስለዚህ «አራዳ» የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ የነቃ ሰው ስም ሆነ። የአራዳ ልጅ ገንዘብ ሲያልቅበት «ችስታ ነኝ» ይላል፣ ጓደኛው «ጀለስ» ነው፣ ፍቅር ሲይዘው «ፎንቃ» ነው፣ የገባው ሰው «ነቄ» ነው። ሽማግሌን «ሼባ» የሚሉት ከዓረብኛ ወስደው ነው። «አሪፍ»ም ከዚያው የመጣ ነው፤ እኛ እዚህ የምንለው «ሳባባ»ም እንደዚሁ። የአዲስ አበባና የአፉላ ወጣት ሳይተዋወቁ ከአንድ ሱቅ ነው የገዙት።

ድሮም ቢሆን የራሱ ቋንቋ ያልነበረው ቡድን የለም። ወልፍ ሌስላው የሚባሉ ምሁር ነበሩ፤ በ1951 የቤተ እስራኤልን ጽሑፎች ተርጉመው ያሳተሙ ናቸው። እኚሁ ሰው በ1964 አዝማሪዎችና ነጋዴዎች ሌላው እንዳይሰማቸው ስለሚነጋገሩባቸው የኢትዮጵያ ድብቅ ቋንቋዎች ሌላ መጽሐፍ አወጡ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቴም ልጅ ሆኖ በእያንዳንዱ ቃል መሃል ሌላ ድምፅ እየሰካ «የወፍ ቋንቋ» ይናገር ነበር። አሁንም በፍጥነት ያወራዋል፤ እኔ አንድም አልያዝኩም።

እኔ የአራዳ ቋንቋ የተማርኩት ከስልኬ ነው፣ ከአስቂኝ ቪዲዮዎች። በጣም ወደድኩት። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሻባት ከወጣ በኋላ፣ አባቴ በአዲሱ ስልኩ ፎቶ መላክ አቅቶት ይታገላል። እኔ ወንድሞቼ ፊት «ኧረ አባዬ፣ ፋራ አትሁን!» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ በረንዳ ወጣ።

ሊተኛ ሲል ነው የነገረኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከጎንደር ገጠር ከነቤተሰቡ አዲስ አበባ መጥቶ የጉዞውን ቀን ይጠብቃል። «መኪናው ብዙ ነው፤ አስፋልቱን ለመሻገር ፈርቼ ቆሜ ቀረሁ። የሰፈር ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ፋራ! ፋራ! አሉኝ። ቃሉን አላውቀውም፣ ግን ስድብ መሆኑ ገባኝ። በማግስቱም እዚያው ጠበቁኝ።» ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲመጣ እሱም አብሮ መጣ። «ያ ቃል እዚያ የቀረ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «አንቺ በስልክ አስመጣሽው።»

እኔ ቀልድ ነው ብዬ ነበር። ቀልድም ነው፣ ለአራዳው። «ፋራ» የሚለው ቃል ግን ያለ ገጠር ሰው ሥራ የለውም። እዚህ አፉላ ውስጥ ደግሞ የዚያ የገጠር ሰው ልጅ ያልሆነ ከመካከላችን ስንቱ ነው? አያቴ በ«ካራ» ሲስቁ ሳቁ የራሳቸው ነው። አባቴ ላይ የሳቅነው ግን እሱ ሳይስቅ ነው።

የአራዳ ቋንቋ ተዉ ልላችሁ አይደለም። ወር መጨረሻ ላይ ተማሪ «ችስታ» ካላለ ምን ሊል ነው? አባቴንም ጠይቄዋለሁ፣ ቃሉን ልተወው ወይ ብዬ። ትንሽ አሰበና «ለኔ አትበይው። ለራስሽ ስትይው ግን ደስ ይለኛል» አለኝ። አሁን ማታ ማታ አማርኛ ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። «ጸ»ና «ፀ» ላይ ስደናቀፍ በመነጽሩ በላይ አሻግሮ ያየኛል። «አዎ፣ ፋራ ነኝ» እለዋለሁ። ያኔ ይስቃል።

አንድ ነገር አስቤ መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ፣ ገርዒኒሙ ካለበት ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። በየቤታችሁ የምትሉትን፣ ሌላ ቤት የማይታወቀውን ቃል ጻፉልኝ፤ ማን እንደጀመረውና ሲጀመር ማን እንደሳቀ ጨምሩበት። መጻፍ የሚያስቸግራቸው ካሉ እኔ እዚያው ቆሜ እጽፍላቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ግን እንዳትነኩት፤ አያቴ ይዘውታል።