የመስቀል ክትፎ

በመስቀል ሰሞን በወልቂጤም በቡታጅራም በሬ ይታረዳል። ሥጋው ይከተፋል፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ይለወሳል፣ ከቆጮ ጋር ይቀርባል። ጥሬውን የሚወድ አለ። ለብለብ የሚል አለ። የኮሶ ትል ግን በጥሬውም በለብለቡም ሊገባ ይችላል።

የትሉ እጭ በበሬው ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል። ሚጥሚጣ አይገድለውም። ቅቤም አይገድለውም። የሚገድለው እስከ ውስጥ የዘለቀ እሳት ነው። የቄራ ምርመራ ይረዳል፤ ጥቂት እጭ ግን ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል። በሬውም ትሉን የሚያገኘው ከሰው ነው፦ ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉን ግጦሹ ላይ ይተዋል። በማዕድ ዙሪያ ባይወራም፣ መጸዳጃ ቤትም የክትፎ ጉዳይ ነው።

አያቶች ትሉን ለማስወጣት መራራውን ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ መጠኑ ካለፈ ኮሶው ራሱ ይጎዳል። ዛሬ በጤና ጣቢያ ኪኒን አለ። «በደንብ ይብሰልልኝ» ያለ እንግዳም ቤቱን አልናቀም።

ያደረ ክትፎ ሌላ ጣጣ አለው። የተከተፈ ሥጋ ካልተከተፈው ቶሎ ይበላሻል፤ ቢላዋው በሥጋው ላይ ያለውን ጀርም ወደ ውስጥ ያዳርሰዋል። ሽታው ሳይለወጥም ሊያሳምም ይችላል። ጀርሞች የሚተፉትን አንዳንድ መርዝ ደግሞ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም።