የብክለት መዝገብ ለሕዝብ ዓይን
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ በደባርቅ የቀረበ ንግግር)



አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የአባባሉ ፍሬ ነገር ግልጽ ነው፤ ውኃ የሚቀዳ ሰው ምንጩን ይመርጣል፤ ለመምረጥ ግን የትኛው የጠራ፣ የትኛው ያደፈ እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ከእርድ ቦታ የፈሰሰ ደም ወይም ከጋራዥ የወረደ ዘይት ገና ትኩስ ሳለ በዓይን ይለያል። በሽታ አምጪው ተሕዋስ፣ ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም፣ ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው እርሳስ ግን በጠራ ውኃ ውስጥ ተሰውረው ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚህን የሚያይ መለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው። መሣሪያው ያየውን ደግሞ መሣሪያውን የያዘው ባለሙያና ውጤቱ የተጻፈለት መሥሪያ ቤት ሲያውቁት፣ ውኃውን የሚጠጣው ሰው ሳያውቅ ይቀራል። የበካዮችን የሥራ ውጤት በይፋ ለሕዝብ በመግለጽ የውኃን ብክለት መቀነስ ይቻላል ወይ? የሚቻልስ ከሆነ እንደ ደባርቅና እንደ ዳባት ላሉ ከተሞች ምን ይጠቅማል? የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ ይኸው ነው።

ከላይና ከታች

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች በር ናት። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ዛሪማ ቆላ ይደርሳል። የተራሮቹም ውኃ አብዛኛው እንዲሁ ወደ ቆላው ተንደርድሮ በመጨረሻ ከተከዜ ይቀላቀላል፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን ይዘልቅና በአትባራ በኩል ከዓባይ ይገናኛል። ስለሆነም የደጋው ሰው በጅረት ዳር የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከበታቹ ላለው ሰው ይደርሰዋል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን አያየውም፤ ከታች ያለውም ማን ምን እንደጨመረበት ስለማያውቅ ማንን እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል።

ደባርቅ የታላላቅ ፋብሪካዎች ከተማ እንዳልሆነች የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከተማ የሆነ ሁሉ የራሱ ፍሳሽ አለው። የእርድ ቦታ፣ ጋራዥ፣ የመኪና ማጠቢያ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ገበያና የጋራ መጸዳጃ ቤት በየወረዳ ከተማው የሚገኙ ናቸው። በደባርቅ ደግሞ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና የፓርኩ ጎብኚዎች የሚያርፉባቸው ሆቴሎች ይጨመራሉ።

ፋብሪካ የበዛባቸው ከተሞች ያለፉበት መንገድ ለእንደዚህ ያለው ከተማ ትምህርት ሊሆነው ይገባል። የአዲስ አበባ ታላቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የፋብሪካውንና የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም በአዋሽ በኩል ወደ ቆቃ ይወርዳሉ። በአማራ ክልልም በኮምቦልቻ የለዮሌና የወርቃ ጅረቶች የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ለቦርከና ያስረክባሉ። በሁለቱም ስፍራዎች ጥናት በተደጋጋሚ ተካሂዷል፤ ውጤቱም በሳይንስ መጽሔቶች ታትሟል። ነገር ግን በባዕድ ቋንቋ የታተመ መጽሔት በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣው ገበሬ ዘንድ አይደርስም። ዕውቀቱ አለ፤ ሊደርሰው ከሚገባው ሰው ግን አልደረሰም።

ሕጉ የሰጠው መብትና የጎደለው ማስረጃ

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሕግ አላጣችም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 12ም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከዚህ አልፎ በአንቀጽ 11፣ ጉዳቱ በቀጥታ ያልደረሰበት ሰው እንኳ በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ፈቀደ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አቤት ባዩ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችልም ደነገገ። ከዚያም በደንብ ቁጥር 159/2001 ነባር ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ከደረጃው ጋር እንዲያስተካክሉ የአምስት ዓመት ጊዜ ተሰጣቸው።

መብቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ተጠቃሚው ጥቂት የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ፒፕል የተባለ አገር በቀል ድርጅት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለት እንዲገታ በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ላይ ክስ መሥርቶ ነበር፤ ክሱ ግን በፍርድ ቤት ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። በሕግ ባለሙያዎች የተቋቋመ ድርጅት ያልሆነለት ነገር ለአንድ የወንዝ ዳር ገበሬ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። አቤቱታ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃው ደግሞ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ቢያዝም፣ ለመጠየቅ አስቀድሞ መረጃው መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕዝቡ እየዞረ መረጃ እንዲጠይቅ ከመጠበቅ ይልቅ መረጃው ራሱ ወጥቶ ሕዝቡን እንዲያገኘው ማድረግ የተሻለ ነው።

አምስቱ ቀለማት

ይህንን በሰፊው ከሞከሩት አገሮች ቀዳሚዋ ኢንዶኔዥያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 የዚያች አገር መንግሥት 187 ፋብሪካዎችን በውኃ ብክለት ረገድ መዝኖ በአምስት ቀለማት መደባቸው። ወርቃማው እጅግ ላቀ፣ አረንጓዴው ከሕጉ በላይ ለሠራ፣ ሰማያዊው ሕጉን ለፈጸመ፣ ቀዩ ሞክሮ ከደረጃው በታች ለቀረ፣ ጥቁሩ ምንም ጥረት ሳያደርግ ከባድ ጉዳት ላደረሰ ተሰጠ። በመጀመሪያው ምዘና ወርቅ ያገኘ አንድም አልነበረም፤ 5 አረንጓዴ፣ 61 ሰማያዊ፣ 115 ቀይ፣ 6 ጥቁር ሆኑ። መንግሥት ሁሉንም በአንድ ቀን አላጋለጠም። በሰኔ ወር አምስቱን አረንጓዴዎች ብቻ በአደባባይ አመሰገነ፤ ለቀሩት ውጤታቸውን በምስጢር ነግሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲያስተካክሉ ጊዜ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ቀለም ይፋ ወጣ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሕጉን የሚያከብሩት ፋብሪካዎች ከሲሶ ገደማ ተነሥተው ከግማሽ በላይ ሆኑ።

ቀለሙ ይህን ያህል የሠራው ስለ ምን ነው? አንደኛው ምክንያት በግልጽ የሚታይ ነው፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ገዢ ያመነታል፤ አበዳሪ ባንክ ይጠነቀቃል። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር። የፋብሪካ ኃላፊዎችን የጠየቁ ተመራማሪዎች እንደተረዱት፣ ከኃላፊዎቹ ብዙዎቹ የገዛ ፋብሪካቸው ምን ያህል እንደሚበክል በትክክል ያወቁት በዚሁ ምዘና ነበር። ያልተለካ ጥፋት ለአጥፊውም ጭምር የተሰወረ ነው። ሦስተኛ ምክንያትም አለ፤ ውጤቱ በአደባባይ ሲሰቀል ተቆጣጣሪውም አብሮ ይታያል፤ በመማለጃ ቀለም መለወጥ አስቸጋሪ ይሆንበታል።

ጋናም ይህንኑ የአምስት ቀለም ሥርዓት ለማዕድን ማውጫዎችና ለፋብሪካዎች «አኮቤን» ብላ ሰይማ ሥራ ላይ አውላለች። አኮቤን በአካን ሕዝብ ዘንድ ለዘመቻ ጥሪ የሚነፋ ቀንድ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ነጋሪት እንደ ማለት ነው። ሥርዓቱ ድካም የለውም ማለት ግን አይደለም። የኢንዶኔዥያው ምዘና እ.ኤ.አ. በ1998 በደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ተቋርጦ እስከ 2002 ድረስ ሳይቀጥል ቀርቷል። በጀቱ በተቋረጠ ጊዜ የሚቋረጥ መዝገብ በካዩን ትዕግሥት እንጂ ጽዳት አያስተምረውም።

ከአገር ቤት የተገኙ ሁለት ትምህርቶች

የተሰወረን ጥፋት በጉባኤ ፊት ማውጣት ለኢትዮጵያ ባላገር እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንቱ የአውጫጭኝ ሥርዓት ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይገደድ ነበር። ሥርዓቱ የጋራ ጉዳትን የጋራ ጉዳይ አድርጎ መያዙ የሚያስመሰግነው ነው። ጉድለቱ ደግሞ ጥርጣሬና ወሬ የማስረጃን ቦታ ሊይዙ መቻላቸው፣ ንጹሑም ከበደለኛው ጋር መጉላላቱ ነበር። ከውኃ ናሙና የሚገኝ ቁጥር የአውጫጭኙን በጎ ጎን ጠብቆ ጉድለቱን ሊያርቅ ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ከደባርቅ ደጃፍ ይገኛል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የዋልያ ቁጥር በመመንመኑ፣ እርሻና ግጦሽ በመስፋፋቱ፣ መንገድም በውስጡ በመሠራቱ አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ያ ዝርዝር በይፋ የሚነበብ የጥፋት መዝገብ ነበር፤ ከዝርዝሩ ለመውጣት የሚያስፈልጉት መመዘኛዎችም የታወቁ ነበሩ። ሃያ ዓመት ከፈጀ ሥራ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዝርዝሩ ተፋቀ። እነሆ በይፋ መመዝገብ፣ መውጫው በግልጽ ከተነገረ፣ ሥራን ያነሣሣል። ይሁን እንጂ የዋጋውን ነገር መዘንጋት አይገባም፤ የጊች መንደር ነዋሪዎች ከአያት ቅድመ አያት ቀያቸው ተነሥተው በደባርቅ አካባቢ ሠፍረዋል። ስለሆነም መዝገብ ሲከፈት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ የእርማቱን ሸክም ማን እንደሚሸከም ነው። ሸክሙ በደካማው ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ መዝገቡ ፍትሕ አጓድሏል።

የደባርቅ ሰሌዳ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለደባርቅና ለዳባት የሚስማማ ቀላል ሥርዓት መንደፍ ይቻላል። በካዮቹ ጥቂቶችና የታወቁ በመሆናቸው መዝገቡ ከአንድ ሰሌዳ አይበልጥም። ናሙናው ከእያንዳንዱ ፍሳሽ መግቢያ በላይና በታች ይወሰዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የበካዩ ድርሻ ነውና። በክረምት ጎርፍ ብክለቱን አቅጥኖ ስለሚያሳይ በበጋም ሊለካ ያስፈልጋል። ለመጠጥ ውኃ መለኪያው የታወቀ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም የኢ.ኮላይ ተሕዋስ እንዳይገኝ ይመክራል። በዚህ አካባቢ ዘለቄታ ያለው ምዝገባ እንደማይቻል የሚጠራጠር ካለ ወደ ዳባት ይመልከት፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት በዚያ ቤት ለቤት ልደትንና ሞትን ሲያስመዘግብ ኖሯል። የሰው ሞት በየቤቱ ከተመዘገበ፣ ለሞት ምክንያት የሚሆን ውኃ የማይመዘገብበት ምክንያት የለም።

ሰሌዳው እንዲታመን ግን አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። በመጀመሪያ፣ መለኪያው ከመንግሥት ተቋማት ይጀምር፤ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው የራሳቸውን ቀለም ሳይሰቅሉ የመኪና አጣቢውን ቀለም ቢሰቅሉ የሚያምናቸው አይኖርም። ሁለተኛ፣ ውጤቱ ይፋ ከመሆኑ በፊት ለባለቤቱ ተነግሮ የመታረሚያ ጊዜና በሌላ ላቦራቶሪ የማስመርመር መብት ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያው በአማርኛ ተጽፎ በገበያ ቀን ይነበብ፤ ከደባርቅም አልፎ ውኃው ወደሚደርሳቸው የቆላ ቀበሌዎች ይላክ። አራተኛ፣ መሻሻልም እንደ ጥፋቱ እኩል ይጻፍ፤ ቀዩ ሰማያዊ በሆነ ዕለት አደባባዩ ይወቅለት።

«የሰው ስም ይጎድፋል፤ ሥራ ይዘጋል» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ በስሕተት የተሰቀለ ቀይ ቀለም የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። የዳግም ምርመራው መብትና የመታረሚያው ጊዜ የተጠየቁት ስለዚሁ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ስሙ በሰሌዳ የማይወጣ፣ ተቃውሞውንም በጉባኤ የማያሰማ ሰው አለ፤ እርሱም ከበታች ያለው ጠጪ ነው። የእርሱ ልጅ በተቅማጥ ሲታመም የበካዩ ስም ተጠብቆ ይኖራል።

የማኅበሩ ድርሻ

ሕግ አውጪው፣ ማዘጋጃ ቤቱና ፍርድ ቤቱ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የሙያው ሰው ድርሻ ግን ከሁሉ ይቀድማል፤ ቁጥሩ መጀመሪያ የሚታየው በእርሱ ዓይን ነውና። የምርመራ ውጤት ጽፎ በመሳቢያ የሚቆልፍ ባለሙያ ሐሰት አልተናገረም ይባል ይሆናል፤ ውኃውን ለሚጠጣው ሰው ግን ዝምታውና ሐሰቱ ልዩነት የላቸውም። የሙያ ምስጢር የታመመን ሰው ገመና ለመጠበቅ የተሰጠ አደራ ነው፤ የወንዝ ፍሳሽ ገመና ሆኖ አያውቅም።

ስለሆነም ማኅበሩ ሁለት ነገር ቢወስን ይበጃል። አንደኛ፣ አባላቱ ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ላይ ያገኙትን የምርመራ ውጤት በአማርኛ አሳጥረው ለአካባቢው ነዋሪ እንዲያሳውቁ በመተዳደሪያው ውስጥ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ውጤቱን በማሳወቁ ምክንያት በሥራው ላይ በደል ለሚደርስበት አባል ማኅበሩ ጥብቅና ይቁም። አንዱ ያለ ሌላው አይጸናም፤ ብቻውን የሚናገር ባለሙያ ይፈራል፤ የሚፈራ ባለሙያም ተመልሶ መሳቢያውን ይቆልፋል። ፋብሪካ ገና ባልበዛበት፣ በካዮቹም በጣት በሚቆጠሩበት በዚህ ጊዜ ሰሌዳውን መትከል የሚጠይቀው ጥቂት ናሙናና ጥቂት ድፍረት ነው፤ ወንዙ እንደ አቃቂ ከሆነ በኋላ ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ያስከፍላል።