የማይበራ ስልክ፦ ከዱብሉቅ የመጣ አንድ ብልሽትና የፍተሻው ቅደም ተከተል



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን ከዱብሉቅ ይዞት የተመለሰው ስልክ ነው። ተማሪው በቱላ ጉድጓዶች የውኃ አጠቃቀም ሥርዓት ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ያደረጋቸውን ቃለ ምልልሶች በዚሁ ስልክ ቀርጿል፤ ሌላ ቅጂ ግን አልነበረውም። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከዚያ በኋላ አርፈዋል። ስልኩ ባትሪው ካለቀ በኋላ ለሳምንታት ቦርሳ ውስጥ ቆይቶ፣ ቻርጀር ሲሰካበት ምንም ምልክት አላሳይ አለ። ያየው ጠጋኝ ቦርዱ እንዲቀየር፣ አለዚያም ስልኩ ፍላሽ እንዲደረግ መከረው። ሁለቱም መንገዶች የተቀረጸውን ድምፅ የሚያሳጡ ናቸው።

ዱብሉቅ ከዘጠኙ የቦረና ቱላዎች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ናት። በእነዚያ ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው፣ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውኃውን ለከብቱ ገንዳ ያደርሳሉ። ገንዳው ቢጎድል ጉድጓዱ ነጠፈ ከማለት አስቀድሞ ቅብብሉ የት ላይ እንደ ተቋረጠ ይታያል። የስልክም ኃይል እንዲሁ በቅብብል ይመጣል፦ ከምንጩ ወደ ቻርጀሩ፣ ወደ ገመዱ፣ ወደ መሰኪያው ቀዳዳ፣ ወደ ባትሪው፣ በመጨረሻም ወደ ቦርዱና ወደ ስክሪኑ። ፍተሻው ርካሽ ከሆነው ጫፍ ይጀምራል።

በቅድሚያ ስልኩ በእርግጥ መጥፋቱን እንወቅ። ከሌላ ስልክ ሲደወልለት ከጠራ ወይም ከተንቀጠቀጠ ችግሩ የስክሪን ነው። የእኛው ዝም አለ።

ቀጥሎ ገመዱ። ቻርጀሩ 5 ቮልት ቢሰጥና የገመዱ ተቃውሞ 0.5 ኦም ቢሆን፣ 1 አምፔር ሲያልፍበት 0.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ስልኩ የሚደርሰው 4.5 ብቻ ነው፤ በትንሽ የሶላር ሰሌዳ ላይ ደመና ባለፈ ቁጥር ደግሞ ይህም ይወርዳል። ሶላር ካነሳሁ አይቀር፣ በቆላው ከተሞች ደጋግሜ ያየሁትን ስሕተት ልጥቀስ፦ ሰሌዳውን ከነስልኩ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ባትሪው 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ስልኩ መሙላቱን ራሱ ያቆማል። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ሥር ይሁን።

የመሰኪያው ቀዳዳ በአቧራና በኪስ ብናኝ ከታጨቀ ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም። ጫፉ የቀጠነ ደረቅ እንጨት ይበቃዋል፤ መርፌ ግን አይነካው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይይዛል። ወደ 3 ቮልት ሲጠጋ ስልኩ ራሱን ያጠፋል፤ ባትሪው ግን ተቀምጦም ቢሆን በዝግታ መውረዱን ይቀጥላል። 2.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ የመከላከያው ሰርኪዩት መስመሩን ይቆርጣል። በዚህ ጊዜ መልቲሜትር ዜሮ ሊያነብ ስለሚችል ባትሪው የሞተ ይመስላል። ቻርጀር ሲሰካ የኃይል መቆጣጠሪያው ቺፕ ሙሉውን ከረንት አይለቅም፤ በጥቂቱ ብቻ ይቀሰቅሰዋል። ስክሪኑን ለማብራት አቅም ስለሌለ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ምንም ላይታይ ይችላል። ሰው ግን በአምስተኛው ደቂቃ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ማብሪያውን ደጋግሞ እየተጫነ የተጠራቀመችውን ጥቂት ኃይል ይጨርሳል።

አንዳንድ ጠጋኞች ጊዜ ለመቆጠብ ባትሪውን በቀጥታ ከሌላ ምንጭ ያስነሱታል። እኔ አልደግፈውም። እጅግ በወረደ ባትሪ ውስጥ የአሉታዊው ጫፍ መዳብ ይሟሟል፤ ሲሞላ ያልተፈለገ ቦታ ተቀምጦ ውስጣዊ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ፍተሻው እዚያው ይቁም፤ አይሞላ፣ አይወጋ፣ አይጫን።

ብዙውን ጊዜ ወደ ችኮላ የሚገፋው ገንዘብ ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የከብት ገበያተኛው በቴሌብር መቀባበል ስለ ጀመረ፣ ስልኩ ሲጠፋ ገንዘቡም የጠፋ ይመስለዋል። ሒሳቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሲም ካርዱን ሌላ ስልክ ላይ አድርጎ በ*127# ማየት ይችላል።

የተማሪያችንን ስልክ ገመድ ቀየርን፤ ከቀዳዳው ቀይ አፈር ወጣ፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር አገናኝተን ሳንነካው ተውነው። በ40ኛው ደቂቃ የባትሪው ምስል ታየ። 15 በመቶ እስኪሞላ ጠብቀን፣ ሌላ ምንም ሳንከፍት፣ ድምፆቹን ወደ ኮምፒውተር አዛወርን። አሁን በሁለት ቦታ ተቀምጠዋል። ባትሪው ግን ግማሽ ቀን እንኳ ስለማይቆይ እንዲያስቀይረው ነግረነዋል።