እሱ እምቢ ካለ እኛ እንሂድ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአባላት ስም የቀረበ ንግግር)



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽታውን ሳይደብቅ ጭራሽ «አላመመኝም» የሚለውስ? የእሱ ቤተሰብ ወዴት ይሂድ? ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ነው። ታሪኩ የአንዲት አባላችን ነው። እሳቸው ፈቅደውልናል፤ ልጃቸውም «ስሜ እስካልተጠራ ድረስ ይነገር» ብሏል።

እኚህ እናታችን ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈለገ። ቀስ በቀስ ከጓደኞቹ ራቀ። ሌሊት አይተኛም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደው። ጎረቤቶች እንደሚያሙት፣ በስልኩ እንደሚከታተሉት ይናገር ጀመር። እናቱ «ልጄ፣ ሐኪም እንይ» ሲሉት «እኔ እብድ ነኝ?» ብሎ በሩን ዘጋባቸው።

እሳቸውም ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ከስብሰባ ሲቀሩ «እግሬን አሞኝ ነው» ይሉን ነበር። እኛም ልንጠይቃቸው ሄደን፣ ቡና ጠጥተን፣ የተጋረደውን መስኮት እያየን ምንም ሳንል እንመለስ ነበር።

በመጨረሻ ነገሩን ሲነግሩን ደግሞ ከዝምታችን የባሰ ጥፋት ሠራን። ተማክረን «ሥራ ተገኝቶልሃል፣ ለፈተና ተጠርተሃል» አስባልነው። ልጁ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ወጣ። ታክሲው ሆስፒታል በር ላይ ሲቆም የበሩን ጽሑፍ አነበበ። አልጮኸም። እናቱን አየት አድርጎ ወረደና በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት እናቱ ያቀረቡለትን ምግብ አልቀመሰም፤ ከሱቅ የታሸገ ብስኩት እየገዛ ይበላ ነበር። ሰው ሁሉ ያሴርብኛል ብሎ በሚፈራ ልጅ ላይ በእርግጥም አሴርንበት።

ከዚያ ወዲያ አንዳንዶቻችን «ታስሮ ጠበል ይወሰድ» አልን። አንዲት አባል ግን «እሱ እምቢ ካለ እኛን ማን ከለከለን? እኛ ሄደን ለምን አንጠይቅም?» አለች። ሁለታችን ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታወቀው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያዎችም እንዲወርድ አቅዷል። በሁሉም ቦታ አልደረሰም፤ እኛ በሄድንበት ግን አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ አገኘን።

ካርድ ክፍል «ታማሚው የታለ?» ተባልን። ነርሷ ግን አስገባችን። ላላየችው ሰው የበሽታ ስም አልሰጠችም፤ መድኃኒትም አልጻፈችም። መቼ እንደጀመረው፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ጫት ይቅም እንደሆነ፣ ስለ መሞት ተናግሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። እናቱ ሁሉንም ያውቁ ነበር። እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ የመከረችንን እንንገራችሁ፤ ለሌላውም ቤት ይጠቅማልና።

«ማንም አይከታተልህም» ብላችሁ አትሟገቱት፤ «አዎ፣ ይከታተሉሃል» ብላችሁም አትዋሹት። «ፈርተሃል፣ እንቅልፍም አጥተሃል፤ ይህ ያደክማል» በሉት። በሽታውን ባይቀበልም ድካሙን ያውቀዋል። ሰው ሰብስባችሁ አትምከሩት፤ የሚያምነው አንድ ሰው ይቅረበው።

መድኃኒቱን ወጥ ውስጥ ደብቀን ብንሰጠውስ ስንላት «ምግቡን ለሚፈራ ልጅ?» አለችን። አፈርን። ስለ ጠበልም ጠየቅናት። ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ፣ መድኃኒት ማቋረጥና ማሰር ግን እንደሚጎዳ ነገረችን።

አንድ ነገር ደጋግማ አስጠነቀቀችን። መሞት እፈልጋለሁ ካለ፣ ራሱን ወይም ሰውን ሊጎዳ ከተነሣ፣ እህል ውኃ ከተወ፣ ያን ጊዜ መጠበቅ የለም። ብቻውን አትተዉት፤ በረኪናውንና የአይጥ መርዙን ከቤት አውጡ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

እናቱ ያን ዕለት ማታ በተዘጋው በር ፊት ቆመው «ልጄ፣ ስለ ሥራው ዋሽቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። መልስ አልሰጣቸውም። በማግስቱ ጠዋት ግን እንጀራው ተበልቶ፣ ሳህኑ በሩ ሥር ተቀምጦ አገኙት።

በልጅነቱ ኳስ ሜዳ ይወስደው የነበረው አጎቱ በየእሑዱ ይመጣ ጀመር። ስለ ሕመም አያነሣም፤ ኳስ ያወራሉ፣ አንዳንዴም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በሰባተኛው ሳምንት ልጁ «እንቅልፍ እንኳ ባገኝ» አለ። አጎቱም «ለእንቅልፍ የምትረዳ ነርስ አለች። አብሬህ ልግባ ወይስ ውጭ ልጠብቅህ?» አለው። «ውጭ ጠብቀኝ» አለ። ሄዱ።

ሁሉም ነገር አልቆ ተሻለው አንላችሁም። አንድ ጊዜ መድኃኒቱን አቋርጦ ፍርሃቱ ተመልሶበት ነበር። አሁን ይወስዳል፤ ይተኛል፤ የእናቱን የእንጀራ ሒሳብ የሚይዘው እሱ ነው። ብርድ ልብሱም ከመስኮቱ ወርዷል። እናቱም ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል።

እህቶቻችን፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ እስኪፈቅድ ድረስ ብቻችሁን አትጠብቁ። ለማኅበሩ ንገሩን። ሁለት ሁለት ሆነን አብረናችሁ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ የሰማነውንም በየቡናው አናወራም። ልጁን አታለን እንድናወጣላችሁ ግን አትጠይቁን፤ ያንን አንደግመውም።

ደጋፊዎቻችን፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። የታክሲ፣ እናትየው ሳይጋግሩ ለዋሉበት ቀን ማካካሻ፣ መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ከውጭ መግዣ ነው። በዚህ ብታግዙን አንዲት እናት በሩን ስታንኳኳ ብቻዋን አትሆንም።