ስለ ወገብ ሕመም፤ መነሻው፣ መከላከያውና ሕክምናው



ወገብ የሰውነት ምሰሶ ነው። ምሰሶው የተናጋ ቤት ግድግዳውና ጣራው እንደማይጸና ሁሉ፣ ወገቡን የታመመ ሰውም እጁና እግሩ ብርቱ ሆነው ሳሉ ከሥራው ይቀራል። ለሥራ ቈርጦ የተነሣ ሰው «ወገቡን ታጠቀ» መባሉ በከንቱ አይደለም።

ይህ ሕመም የዓለም ሁሉ ሕመም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓመተ ምሕረት 619 ሚሊዮን ሰዎች እንደነበረባቸው ተገምቷል፤ ሰውን ከሥራ ከሚያሰናክሉ ሕመሞችም ቀዳሚው እርሱ ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጎፋ ሰፈር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሕንጻ በሚሠራበት ቦታ የቀን ሠራተኛው 50 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት በትከሻው ያነሣል፤ ጓደኞቹም ሁለት ሁለት ሆነው ድንጋይና አሸዋ በባሬላ ያመላልሳሉ። አሳንሰር በሌለው የጋራ መኖሪያ ቤት የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ፣ የቤት እመቤት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥላ ደረጃ ትወጣለች። በጎፋ ማዞሪያ የሚመላለሰው የታክሲ ነጂ ደግሞ ሸክም ባይሸከምም፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ወገቡ ይያዛል። በገጠርም ነገሩ ያው ነው፤ ጎንበስ ብሎ የሚያርሰው ገበሬና እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣው ልጃገረድ የሚሸከሙት በዚያው ወገብ ነው።

የወገብ አጥንቶች አምስት ናቸው። በአንዱና በሁለተኛው መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ልስልስ አካል አለ፤ ዙሪያውንም ጡንቻና ጅማት ደግፈው ይይዙታል። ሸክም ከሰውነት በራቀ መጠን በወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። መምህር ይህን ለተማሪዎቹ በቀላሉ ሊያሳያቸው ይችላል። ጥቂት መጻሕፍት በደረት አስጠግቶ የያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ እነዚያኑ መጻሕፍት ክንዱን ዘርግቶ ቢይዝ ግን ወዲያው ይደክማል። ወገብም እንዲሁ ነው፤ ከአካል ርቆ የተነሣውን ዕቃ ለመቋቋም ጡንቻው ከዕቃው ክብደት ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል መሳብ ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ መከላከያው ከዚህ ዕውቀት ይመነጫል። ዕቃ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ወደ ዕቃው ይጠጋ፤ ጕልበቱን አጥፎ ያንሣ፤ ሸክሙን ወደ ሆዱ ያስጠጋ፤ ለመዞር ሲፈልግም ወገቡን ሳይጠመዝዝ በእግሩ ይዙር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሸክምን መከፋፈል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለወገብም ምክር ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው በየጊዜው ተነሥቶ ይንቀሳቀስ፤ ልብስ የምታጥብና እንጀራ የምትጋግርም ሳፋውንና ምጣዱን ከፍ ባለ ነገር ላይ ብታደርግ መጕበጧ ይቀንሳል።

ሕመሙ ከመጣ በኋላ ብዙ ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው ሕመሙን ሁሉ «ኩላሊት ነው» ወይም «ብርድ ነው» ማለት ነው። የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከወገብ ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንት ሥር በጎን በኩል ይሰማል፤ ትኵሳት ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠልም አብሮት ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ስሕተት ለብዙ ቀን አልጋ ላይ መተኛት ነው። የቀድሞ ሐኪሞችም ይህንኑ ያዝዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ረጅም መኝታ ጡንቻን እንደሚያደክምና መዳንን እንደሚያዘገይ ታውቋል። ከመቶ የወገብ ሕመምተኞች ወደ ዘጠና የሚሆኑት አንድ የተለየ ክፉ በሽታ አይገኝባቸውም፤ ድንገት ከጀመራቸውም አብዛኞቹ በ6 ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከባድ ሸክም ትቶ፣ በሚችለው መጠን እየተራመደ ቀላል ሥራውን ቢቀጥል ይጠቅመዋል። ሙቀትም ጡንቻን ያፍታታል፤ ከአዲስ አበባ መቈርቈር ጋር ስሙ የሚነሣው ፍል ውሃ ለብዙ ሰው ማረፊያ የሆነው ስለዚህ ነው። የማስታገሻ ክኒን ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያለ ሐኪም ምክር አዘውትሮ መዋጥ አይገባም።

ዳሩ ግን በቤት የማይታከም የወገብ ሕመምም አለ። ሌሊት የሚብስ ሕመም ከትኵሳት፣ ከላብና ከመክሳት ጋር ሲመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ይህን በሽታ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1779 ገልጾታል፤ ሳይታከም ከቆየ አጥንቱን በልቶ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ያሽመደምዳል። ነገር ግን መድኃኒት አለው፤ ለወራት ሳይቋረጥ የሚወሰድ ሲሆን በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያልፈላ ወተት በመጠጣት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ትኵሳትና የወገብ ሕመም ያመጣል። እንዲሁም እግሩ የዛለ፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘ፣ ሽንቱ የታገደበት ወይም የሚያመልጠው ሰው በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ከከፍታ ወድቆ ወገቡን የታመመም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ወጌሻ ሊያሸውም ሆነ ሊጎትተው አይገባም፤ የተጎዳው አጥንት ተንዶ ነርቭ ቢጫን የጠፋው የእግር ኃይል ላይመለስ ይችላልና።

በዚህ ነገር የመምህርና የሽማግሌ ቃል ታላቅ ዋጋ አለው። ሕመምተኛው ከሐኪም አስቀድሞ የሚያማክረው ጎረቤቱን ነው። ያ ጎረቤት «ተኛ» ከማለት ይልቅ «ቀስ እያልህ ተራመድ» ቢለው፣ ክፉውን ምልክት ሲያይ ደግሞ «ነገ ይሻልሃል» ከማለት ይልቅ ደግፎ ወደ ሐኪም ቢያደርሰው፣ አንድን ቤተ ሰብ ከችግር ያድናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ሕመምተኛው እንዲናገር፣ የሰማውም እንዲረዳው ማስተማር ይገባል።