የበዓል አደራ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ በዓል አደራ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችሁ፣ አንድ ቀን ከጠረጴዛችሁ ላይ «የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ አባል ሆነው ተመድበዋል» የሚል ደብዳቤ ታገኙ ይሆናል። ደብዳቤው አጭር ነው፤ የሚያሸክመው ሸክም ግን ከባድ ነው። ድንኳን ማስተከልና ወንበር ማስደርደር ገንዘብ ካለ የሚያስቸግር አይደለም። በጠዋት ለብሶና አጊጦ ከየቤቱ የወጣውን ሕዝብ በማታ በጤና ወደየቤቱ መመለስ፣ ይህ ነው አደራው።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆነን በሐሳብ ወደ ምዕራብ እንሂድ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በክልሉ ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ነባር ሕዝቦች ተብለው ተጽፈዋል። ከእነርሱም ጋር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ሌላውም ይኖራል፤ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነሥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩት ገበሬዎች በዚያው ወልደው አሳድገዋል። መውሊድና ዒድ፣ መስቀልና ጥምቀት፣ በመስከረምም የሺናሻ የዘመን መለወጫ ጋሪ ዎሮ፣ ሁሉም በየጊዜው ይከበራል።

በርታዎች ዙምባራ የሚሉት ከቅል የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። ቅሎቹ ልዩ ልዩ መጠን ሲኖራቸው፣ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ብቻውን ቢነፋ ዜማ አይሆንም፤ ሁሉም ያለ ሥርዓት ቢነፉ ጩኸት ይሆናል። ዜማው የሚወለደው እያንዳንዱ የባልንጀራውን ድምፅ ሰምቶ ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው።

ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. 9ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በአሶሳ ተከበረ። ከአራቱም ማዕዘን እንግዳ መጣ፤ ከተማይቱም እንግዶችዋን ተቀበለች። ዳሩ ግን አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ክልል በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለችው ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። አንድ ቀን አብሮ የጨፈረ ሁሉ ዘወትር በሰላም አብሮ ይኖራል ብለን ራሳችንን እንዳናታልል ነው።

ታዲያ ቂም ባልበረደበትና ሥጋት ባለበት ስፍራ በዓል ይከበር ወይስ ይቅር? በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲደረግ እናያለን። አንደኛው፣ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ዓይንን ጨፍኖ ማክበር ነው። ሁለተኛው፣ ኀላፊነትን ለመሸሽ ሲባል ሁሉንም መከልከል ነው። የመጀመሪያው ሰው ያስፈጃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚገናኝበትን አደባባይ ዘግቶ፣ ሰውን ሁሉ ከየጥርጣሬው ጋር በየቤቱ ያስቀምጣል። በእኔ አስተያየት መካከለኛው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም የበዓሉን ጥበቃ ከበዓሉ ቀን ብዙ ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ነው።

በመጀመሪያ ቅሬታ ያለው ሰው ይጠየቅ። ኮሚቴ ዘወትር ወደ ስብሰባው የሚጠራው ከሐሳቡ ጋር የሚስማማውን ነው። መጠራት የሚገባው ግን «ይህ በዓል የእኔ አይደለም» የሚለው ነው። ማን አስቀድሞ ይናገራል? በየትኛው ቋንቋ? በፊተኛው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል? እነዚህ ለጸሐፊው ጥቃቅን ነገሮች ይመስሉታል፤ ለተረሳው ሰው ግን ስድብ ናቸው። ነባር ማን፣ እንግዳ ማን በሚለው ክርክር ብዙ ደም በፈሰሰበት አገር፣ ከመድረክ ላይ «መጤ» የምትል አንዲት ቃል ብታመልጥ በመቶ ጠባቂ አትመለስም።

ሽማግሌም በመክፈቻው ሰዓት ለምርቃት ብቻ የሚፈለግ ጌጥ አይደለም። ጉሙዞችና ጎረቤቶቻቸው ኦሮሞዎች ሚቹ የሚባል የወዳጅነት ቃል ኪዳን አላቸው፤ በዚህም ቃል ኪዳን ወዳጅ ለወዳጁ ዋስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልማድ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች መጠየቅ ያለባቸው መርሐ ግብሩ ከመታተሙ በፊት ነው። ከታተመ በኋላ የሚጠየቅ ሽማግሌ ተማከረ አይባልም፤ ተነገረው ነው የሚባለው።

ሁለተኛው ነገር የሕዝቡ ብዛት ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ፣ በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ሕዝቡም ሲሸሽ ብዙዎች ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። መንግሥት የሞቱት ከ50 በላይ መሆናቸውን ሲያስታውቅ፣ ሌሎች ወገኖች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ተናገሩ። በቁጥሩና በጥፋተኛው ላይ ክርክር ቢኖርም፣ ለአዘጋጅ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጉድጓዱ ከበዓሉ ቀን በፊትም እዚያው ነበር።

ጸብ በሌለበትም ብዛት ብቻውን ይገድላል። ጥቅምት 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ርእሰ ከተማ በሴኡል፣ ለጨዋታ የወጡ ወጣቶች በአንድ ጠባብ መንገድ ተጨናንቀው 159 ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡ ለፖሊስ ስልክ መደወል የጀመረው አደጋው ከመድረሱ ከሦስት ሰዓት በላይ አስቀድሞ ነበር። እንዲህ ባለው መጨናነቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ደረቱ ተጨቁኖ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው፤ ቆሞ ሳለ ይሞታል። ባንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ሰው በላይ ከቆመ አደጋው መቅረቡን ማወቅ ይገባል።

ስለዚህ፣ የኮሚቴ አባል የሆናችሁ፣ ሜዳውን በወረቀት ላይ ሳይሆን በእግራችሁ ዙሩት። ጉድጓዱ ይደፈን ወይም ይታጠር። በመስከረም የአሶሳ ምድር ገና ጭቃ ነውና ተዳፋቱን ተመልከቱ። መግቢያና መውጫው ይለያይ፤ መውጫውም የባለሥልጣን መኪና አይቁምበት። ውኃና ሐኪም ይቅረብ፤ ለበሽተኛ መኪና መንገድ ይተው። ማስጠንቀቂያው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሁሉ ይነገር። ጠባቂዎቹ ከየወገኑ ይውጡ፤ መሸሻ በሌለው ሕዝብ ላይ ጭስ መተኮስ ማለት ሕዝቡን ወደ ገደል መንዳት መሆኑም አስቀድሞ ይነገራቸው። ዛሬ ወሬ በስልክ ይበራልና፣ አንድ ነገር ሲደርስ እውነቱን ፈጥኖ የሚናገር አንድ ሰው ይመደብ፤ የተደበቀ እውነት ለሐሰት ወሬ ስፍራ ይለቃል።

በመጨረሻም «በዓሉ ይቁም» ብሎ ለማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው በስሙ ተለይቶ ይታወቅ። ሥልጣኑ የሁሉም ነው ከተባለ በጭንቅ ሰዓት የማንም አይሆንም። ምልክቱ ከከፋ ቀኑን ለማስተላለፍ አትፈሩ። የታተመው መጥሪያና የተከራየው ድንኳን ይህን ጉዳይ ሊወስኑ አይገባም። የተላለፈ በዓል በሌላ ቀን ይከበራል፤ የሞተ ልጅ ግን ለእናቱ አይመለስም። የሠጋችሁትንም ነገር በቃለ ጉባኤ ጻፉት፤ ዝም ብሎ መፈረም ሥራን መፈጸም አይደለም። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ የዙምባራው ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው ያውቃል። ስለዚህም ያዳምጣል፣ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ይነፋል። በዓል አዘጋጅም እንዲሁ ቢያደርግ፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ጠባቂው፣ ሐኪሙና ቅር የተሰኘው ጎረቤት እያንዳንዳቸው ድምፃቸው የሚሰማበት ጊዜ ያገኛሉ። የእናንተም ተራ ያ አጭር ደብዳቤ ከጠረጴዛችሁ ላይ የተቀመጠ ዕለት ይጀምራል።